ብስኩትም ከስንዴ ነው

ልጄ፣ ጤናና ሰላም ከደጅሽ አይራቁ። እኔ አጎትሽ ተቀይሜሻለሁ፤ የላክሽልኝ መነጽር እየተንሸራተተ ስፌቴን አስፈታኝ።

እህትሽ ሥጋ ከተወች ሦስት ወሯ ነው። መተዋስ ባልከፋ፤ ግን ምሳዋም እራቷም ብስኩትና የተጠበሰ ድንች ሆነ።

«ጋሼ፣ ብስኩትም እኮ ከስንዴ ነው» ትለኛለች።

«ሸሚዝም ከጥጥ ነው፤ አንድ እጅጌ ልቁረጥልሽ?» አልኳት። ድሮ ቢሆን ትስቅ ነበር።

የዩኒፎርሟን ወገብ ሁለቴ አጠበብኩት። ጓደኞቿን ሸሽታ ክፍሏን ዘግታ ትውላለች። ጎረቤታችን ነርሷ «ምስርና ቅጠላ ቅጠል አቅርብላት እንጂ አትጨቅጭቃት» አለችኝ። አቀርባለሁ፤ ሳይነካ ይመለሳል።

እባክሽ ደውይላት፤ የምግብ ነገር ግን አታንሺባት። ፈጣሪ ለሁለታችሁም...

ቆይ፣ የስፌት ሱቄ በር ተንኳኳ። እህትሽ ናት! ወደ ሱቁ ብቅ ካለች ወር አልፏታል።

«ጋሼ፣ ራበኝ» አለችኝ።

በይ፣ ልነሣ።