በካልሲ የተንጠለጠለው ስልክ

አንቺ ልጅ፣
ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቂና ብዪ። የእኔን ቁልፍ ዘበኛው ጋ ትቼዋለሁ።

ያ የመረጥሽው ኔትወርክ ግን አንገፈገፈኝ። ሻጩ ፈገግ ስላለልሽ ብቻ "ይሄኛው ይሻላል፣ አብረን እንቀይር" አልሽ፤ እኔም ጅሏ ተከተልኩሽ። ይኸው ኔትወርክ እንዲይዝልኝ ስልኬን በካልሲ ከሽንት ቤቱ መስኮት አንጠልጥዬ፣ ሽታውን እየማግኩ "ሃሎ፣ ሃሎ" ስል ከረምኩ።

አሁን ወንድሜ፣ ስልኬ እምቢ ቢለው፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ እዚህ ድረስ መጣ። እናቴ ትናንት ድንገት ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ደህና ናት። እሷ ጋ እየሄድኩ ነው።

ጠዋት በንዴት የተናገርኩሽን ነገር...
ተዪው።

ሲም ካርዱን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ታገኚዋለሽ። እንዳታወጪው።

እናቴ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ "ልጄ ምን ብበድላት ነው ስልኳን የዘጋችብኝ?" ብላ ነው አሉ።