የእማዬ መቀነት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ዛሬ ቦሌ ክሊኒክ ሄጄ ስለ ሆዴ ሐኪም አማከርኩ። ስቡን ማስመጠጡ ቀላል ነው፤ መንታዎቹን ስወልድ የላላውን ቆዳ ግን አይመልሰውም። ቆርጦ መስፋቱ ይመልሰዋል፤ ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ነው።

«የቱንም ብትመርጪ ለሳምንታት ሆድሽ ታስሮ ነው የሚቆየው» አለችኝ ሐኪሟ።

ሳቄ መጣ። አራስ ሳለሁ እማዬ በመቀነቷ ጥፍር አድርጋ ታስረኝ ነበር። ዞር ስትል ፈትቼ እተኛለሁ፤ ኮቴዋን ስሰማ መልሼ አስራለሁ።

ከክሊኒኩ በቀጥታ ሲኤምሲ እማዬ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ሆዴን በመዳፏ ዳበሰችኝ።

«ያኔ ስትፈቺው አውቅ ነበር» አለች። «እንቅልፍ አጥተሽ አሳዘንሽኝና ዝም አልኩ።»

የቱን እንደምመርጥ ገና አልወሰንኩም። እማዬ ግን ስወጣ ያንኑ መቀነት ከቁም ሳጥን አውጥታ ትዘፈዝፍ ነበር።