ወይዘሮ ዳግም ከመተኛቷ በፊት

ውድ እህቴ፣

«ገመዱን ለቀቅከው። ባትለቀው ኖሮ ወይዘሮ አትወድቅም ነበር። ስለ እሷ ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ።»

ይህን በእርሳስ ጽፈሽ፣ ጋጣው በር ላይ በምስማር መትተሽ ሄድሽ። አምስት ሳምንት ሙሉ አልነቀልኩትም። ባልደራሱ መነጽሩን ባደረገ ቁጥር ቆም ብሎ ያነበዋል፤ ከዚያ ዞሮ እኔን ያየኛል። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር እነሆ እየጣስኩት ነው። ስለ ቀሩት ሁለቱ የምለው አለኝ።

ፈረሳችን ወይዘሮ አልሞተችም። ፖስታውን ስትከፍቺ የምትፈሪው እሱን እንደሚሆን ስለማውቅ አስቀድሜ ነገርኩሽ። በሦስት እግሯና በአንድ ጀሶ ቆማለች። ኩራቷም እንዳለ ነው፤ ሣር ሳይሆን ድርቆሽ ካቀረብንላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስሙን ያወጣሽላት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ማለዳ ማለዳ ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ስትቆረጥም ከሰማሁ እገባለሁ። ካልሰማሁ እግሬ አይታዘዘኝም። ገብቼም የተሰበረውን እግር አላይም፤ የማየው ጤነኛውን ነው። የእንስሳት ሐኪሙ እንደነገረኝ አሁን የሚያሰጋት የሁለቱን የፊት እግሮች ሸክም ብቻውን የተሸከመው የቀኝ የፊት እግሯ ነው። ሰኮናው ውስጥ ለውስጥ ይቃጠልና አንድ ቀን አጥንቱ ከሰኮናው ይላቀቃል፤ ያ ከሆነ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ተንበርክኬ ያንን ሰኮና በአንድ እጄ፣ የኋላውን በሌላው እይዝና ሙቀታቸውን አነጻጽራለሁ። ቴርሞሜትርም ገዝቻለሁ፤ አላመንኩትም።

ባለፈው ማክሰኞ ሞቀብኝ። ጮኼ ባልደራሱን ጠራሁት። ሽማግሌው እያነከሰ መጣ፣ ዳሰሰ፣ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ።

«መምህር፣ ፀሐይ እኮ ነው የመታው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በል ና፣ ያንተንም ጫማ ልዳስስ። እሱም ሞቋል፤ ልናለቅስለት ነው?»

ሳቀብኝ። እኔ ግን እስከ ቀትር ድረስ ከሰኮናው አጠገብ አልተነሳሁም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሰኞ ሐኪሙ መጣ። ጀሶው አናት ላይ ጣቱን ከተተ፣ አሸተተው፣ ፊቱ ተለወጠ።

«እብጠቱ ጎድሎ ጀሶው ላልቷል፤ ቆዳዋን እየላጠው ነው። መቀየር አለበት። ራጅም አነሳለሁ።»

«ቆማ አይሆንም?» አልኩት።

«እሷ? ባለፈው ቁስሏን ልይ ብል ትከሻዬን ነው የነከሰችው! በማደንዘዣ አስተኛታለሁ። ማስተኛቱ ቀላል ነው፤ የሚያስፈራኝ መነሳቱ ነው።»

«ጅራቷን እኔ እይዛለሁ።»

ባልደራሱን ሳል ያዘው።

«የጅራቱን እንነጋገርበታለን» አለ ሐኪሙ። «ራሷን የሚይዙት ግን እህትዎ ናቸው። የእሳቸውን ድምፅ ስትሰማ ትረጋለች። እሳቸው ከሌሉ አላስተኛትም። ጀሶው እንዲህ ሆኖ ደግሞ ዝም ብዬ አላያትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ያውቁታል፣ መምህር።»

አዎ፣ አውቄዋለሁ።

የዚያን ቀን ነገር አንቺ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰሽዋል፤ እኔ ግን አልጨረስኩትም። በሩ ላይ ያለው የፍሳሽ ክዳን ተሰብሮ ወይዘሮ የገባችበትን፣ የግራ የፊት ቅልጥሟ የተሰበረበትን፣ ሐኪሙ በብረትና በዐሥራ አንድ ብሎን የጠገነበትን ሰዓት እንተወው። ማደንዘዣው የሚለቃት በዚያ ግድግዳው ፍራሽ በለበሰ ክፍል ውስጥ ነበር። አንቺ የራሷን ገመድ፣ እኔ የጅራቷን ይዘን፣ ሁለቱም ገመድ በየግድግዳው የብረት ቀለበት አልፎ፣ ስትነሳ ልንደግፋት እንጠብቃለን። ባልደራሱ ገመዴን አየና «ቀለበቱ ላይ ሁለት ዙር አዙረው» አለኝ። አንድ እንደሚበቃ ነገርኩት። አስልቼዋለሁ፤ የክብደቷን፣ የገመዱንና የብረቱን ሰበቃ አስልቼ በወረቀት ይዤ ነበር። ሁለት ዙር ካደረግኩት ደግሞ መልቀቅ ሲያስፈልግ ይዘገይብኛል አልኩት።

«ሂሳቡ ልክ ይሆናል፤ ፈረሷ ግን ከአንተ ዘንድ አልተማረችም!»

«ወንድም ጋሼ፣ እባክህ የሚልህን ስማው» አልሽኝ አንቺም።

አልሰማሁትም። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ገመድ ስለ ማዞር ከባልደራስ ምክር አልቀበልም ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። የፊት እግሮቿን ዘረጋች፣ ወገቧን አነሳች፣ የኔ ገመድ ሮጠ። የወደቀችበትን ድምፅ አልጽፈውም፤ ሰምተሽዋል። ሁለት ብሎን ጎበጠ፣ የገጠመው አጥንት የጥፍር ያህል ተከፈተ።

አምስት ሳምንት ሙሉ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት መከላከያ ይህ ነው፦ ገመዱን አልለቀቅኩም፤ እግሯ በታጠበበት የሳሙና ውሃ ርሶ ነበርና አዳለጠኝ። ስሌቴ ለደረቅ ገመድ ነበር። ይህን በአራት ገጽ፣ ከነሥዕሉ ጽፌ ልልክልሽና ይቅርታ ልጠይቅሽ ሳይሆን ይቅርታ ላስጠይቅሽ ተዘጋጅቼ ነበር። ማስረጃው እንዲሟላ ቅዳሜ ዕለት ያንኑ ገመድ በዚያው ቀለበት አሳለፍኩ፣ ጫፉ ላይ ግማሽ ኩንታል አጃ አሰርኩ፣ ባልደራሱን የሳሙና ውሃ አፍስስበት አልኩት።

«ደግሞ አሁን ከረጢት ልናክም ነው?» እያለ አፈሰሰ።

አንድ ዙር፣ እርጥብ ገመድ፣ ጭብጥ አድርጌ ይዤ። ከረጢቱ ሲለቀቅ ገመዱ እጄ ውስጥ ሮጠና መዳፌን ከዳር እስከ ዳር ላጠው። አመመኝ፤ ግን ደስ አለኝ። «ይኸው! ብይዘውም ይሮጣል!» ብዬ ጮኽኩ። ባልደራሱ እጄን ያዘ፣ ገለበጠ፣ ደሙን አየ።

«ያን ቀንስ?» አለኝ።

ያን ቀን እጄ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። የአንቺ ሁለቱም መዳፎች ተልጠው ነበር፤ ስትወድቅም አብረሻት እየተጎተትሽ የራሷን ገመድ አልለቀቅሽም። ቁስልሽን ያሰርኩልሽ እኔ ነኝ፣ በንጹሕ እጄ። ያኔም ዐይቼዋለሁ ማለት ነው፤ ዐይቼም አላየሁም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ልክ ነው። ለቅቄዋለሁ። ስትነሳ ያ ሁሉ ግዙፍ ገላ ወደ እኔ ያዘነበለ መሰለኝና ፈራሁ፤ ጣቶቼ ተከፈቱ። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። ባልለቀውም ትወድቅ ነበር ይሆናል፤ አንድ ዙር ብቻ ነበርና። ይህንን አንቺም እኔም ማረጋገጥ አንችልም፤ ማረጋገጥ የማይቻለውን በምስማር መትቶ መሄድም ተገቢ አይደለም። ደግሞም ተቆጥቼብሻለሁ። እውነቱን ተናግረሽ ሄድሽ፤ አምስት ሳምንት ሰኮና ስዳስስ የኖርኩት እኔ ነኝ። ብትቆዪ ኖሮ ቢያንስ ስትቆረጥም የሚሰማ ሌላ ጆሮ ይኖር ነበር።

ሐኪሙ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። የጅራቷን ገመድ ባልደራሱና ጎረቤታችን አናጢው ይይዛሉ፤ ሁለት ዙር፣ ደረቅ ገመድ፣ የቆዳ ጓንት። ገመዱን ራሴ አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። እኔ ከክፍሉ ውጭ እቆማለሁ፤ ግባ ካላልሽኝ አልገባም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአውቶቡስ ሾፌሩ ነው፤ መልሱንም እሱ ይዞልኝ ይመለሳል። እስከ ረቡዕ፣ ወሩ በገባ በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ መልሽልኝ። በስልክ አይሆንም፤ ዝም ብትዪ ዝምታሽን እንደ እሺታ ልቆጥረው እችላለሁ፣ ሐኪሙ ደግሞ በግምት አይሠራም። «እመጣለሁ» የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል። አልመጣም ከሆነም እሱን ጻፊው። ያኔ ሐኪሙ ይዞ የሚመጣው መርፌ ሌላ፣ ዳግም የማትነሳበት ነው፤ ለዚያኛው ራሷን የምይዘው እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ይዣት እቆያለሁ ብዬ ልምልልሽ በፈለግኩ። አልምልም፤ ፈርቻለሁ።

መልስሽን የሚጠብቅ፣
ወንድምሽ