«ወጣች» ብለው ለደወሉት

ውድ ጋሽ ተድላ፣

ናይሮቢ ለሚካሄደው ውድድር ስምሽን ላስመዝግብ ወይ ብለው የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። መልሱን በጽሑፍ ያደረግኩት አሠልጣኜ ስለሆኑ ነው፤ ድምፅዎን በስልክ ከሰማሁ እሺ ከማለት ሌላ አላውቅም።

መጀመሪያ ግን እንዴት ጉድ እንደሠሩኝ ልንገርዎ። አዲስ አበባ ላይ በሴቶች ነጠላ ቴኒስ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፍኩ ዕለት ጎረቤታችን እትዬ በዛወርቅ ሱቅ ደውለው «ፀደንያ ወጣች» አሏቸው አይደል? እርስዎ ከውድድሩ ማለትዎ ነው። እዚህ ቦንጋ ግን ልጅ ወጣች ከተባለ የሚጠየቀው «ስንተኛ?» ነው። ሰው ስንተኛ ሲላቸው እሳቸውም «አንደኛ ነዋ!» አሉ።

ከአውቶቡስ ስወርድ መናኸሪያው በእልልታ ተናጋ። የትምህርት ቤቴ ልጆች ተሰልፈዋል፤ አንድ ሽማግሌ ከማንኪራ ድረስ ማር ይዘው መጥተዋል። «ተሸንፌ ነው የመጣሁት» አልኩ። ያልሰሙ ነበሩና ደገምኩት።

እትዬ በዛወርቅ ደነገጡ። «እኔ ምን ላድርግ? ወጣች ነው ያለኝ! ወደቀች አይልም ነበር?»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እኔን ግን ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ሽማግሌውም ማሩን ይዘው አልተመለሱም። እናቴ ቦርሳዬን ተቀብላ ፊቴን አየችና «ደክሞሻል እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ኬንያዊቷ ተጋጣሚዬ ስታሸንፈኝ እንኳ አላለቀስኩም። ጋሼ፣ እርስዎ ትከሻሽ እንዴት ነው፣ ጉልበትሽስ ይሉኛል እንጂ ደክሞሻል ወይ ብለውኝ አያውቁም። ብጠየቅ ኖሮ ድሮ እነግርዎ ነበር። አዎ፣ ደክሞኛል። ኳስ ሲነጥር መስማት አስጠልቶኛል። ሕልሜ ውስጥ እንኳ እሮጣለሁ።

ትናንት ዝናቡ ሲወርድ ዋለ፤ እኔም ስተኛ ዋልኩ። ማንም አልቀሰቀሰኝም።

ናይሮቢ አልሄድም፤ ስሜን አያስመዝግቡት። ክፉ አልሠሩብኝም፤ እንደ አባቴ ነው የምወድዎ። ቢቆጡ እንኳ ቁጣዎን እችለዋለሁ። የማልችለው «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» የሚሉኝን ነው። ስለዚህ እባክዎ አይደውሉልኝ።

ሁልጊዜም የምታከብርዎ ልጅዎ፣
ፀደንያ
ቦንጋ