ከራሷ ሥር ያኖርናት ማሰሮ

ይድረስ ለወንድሜ ለሙንሳካ፣

ሾላው ሥር ተሰብስበን ሳለን የመንደራችን ሹም ሲያንኩኩ፣ «ኪትዌ ያለው ወንድምሽ እኮ ተስማምቷል» ካለኝ ሰዓት ወዲህ እጄ ሰላምታ መጻፍ እምቢ ብሎኝ ሰነበተ። ቢሆንም ታላቄ ነህና እንደምን ከርመሃል? የማዕድኑ አቧራ ያስነሳብህ ሳል ተሻለህ? ሚስትህ ሉያንዶስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ከሙቀቱና ከዝናቡ መዘግየት በቀር ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን እንዳታምነኝ።

አያታችን የመነጠረችውን ማሳ፣ መቃብሯን ጭምር፣ ለመስኖ እርሻ ለመጣ ባለሀብት ሊሰጡት ነው። እኛን ከኮረብታው ጀርባ፣ ፍየል እንኳ ወደማትረግጠው ድንጋያማ መሬት ሊወስዱን ነው። ተነሥቼ ስጠይቅ ሲያንኩኩ፣ «አንቺ ልጅ፣ አስተማሪ ሆንሽ እንጂ ሹም አልሆንሽም። እናንተ ድሮም እንግዶች ናችሁ፤ እንግዳ ደግሞ ምንጣፉ ሲጠቀለል ይነሣል» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም፣ «አርባ ዓመት ሙሉ እንግዳ ያስተናገደ ደግ ባለቤት እንደ እርስዎ አላየሁም» አልኩት።

ሊያባብለኝ ሲል አፉ ያመለጠው ያን ጊዜ ነው። «አትቆጪ፣ የአያትሽን አጥንት በክብር እናዛውራለን፤ ከራሷ ሥር ያለችውን ማሰሮም አንሰብራትም» አለ።

ወንድምዬ፣ ሲያንኩኩ ማሰሮዋን ከየት አወቃት? የግድቡ ውሃ ከዋጠው መንደራችን ጭቃ የተሠራች ናት። የአገሬው ሰው «መሬታችንን ያደረቀው የባዕድ ጭቃ ነው» እንዳይል በሻሽ ጠቅልለን የደበቅናት እኔና አንተ ብቻ ነን። ያቀበልኩህ እኔ፣ መቃብር ውስጥ ወርደህ የተቀበልከኝ አንተ። ከስብሰባው ማግስት ሄጄ አየሁ፤ የመቃብሩ ድንጋይ አልተነካም።

በእኛ ቤት ጥርጣሬ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። አያታችንን ከነልጆቿ ከወንዙ ዳር በጭነት መኪና ሲያመጧት፣ «የተሻለ አገር ነው» ያሏት ሰዎች ፈገግ ይሉ ነበር። እናታችን የቤቷን ግድግዳ ሳታስመርግ፣ ዕቃዋን በገመድ እንዳሰረች ሞተች። እኔም ሻንጣዬን ሳልፈታ ከኮሌጅ ተመረቅሁ። አሁንም ሰው ፈገግ ብሎ ሲያናግረኝ ጆሮዬ የመኪና ድምፅ ይፈልጋል። ያንተን ፈገግታ ግን ጠርጥሬው አላውቅም ነበር።

ዋሽተውብህ ከሆነ መጥተህ ሾላው ሥር ተናገር። እውነት ከሆነም መጥተህ መቃብሯ ላይ ቆመህ ንገረኝ፤ በወረቀት አልሰማህም።

ለሉያንዶ ሰላምታዬ ይድረሳት። ወንዶቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ። የአያታችንን ስም የያዘችውን ትንሿን ለብቻዋ ሳማት፤ ስሙን ያወጣህላት አንተ ነህና ምን ብለህ እንደምታስረዳት አስብበት። አጎታችን ሃቺፑካም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ይህን ሲለኝ ዓይኑን ለምን እንደሰበረ እንጃ።

እኔ ዝናቡን ሳልጠብቅ ማሳውን በደረቁ ዘርቼዋለሁ። የእናታችንንም ዕቃ ፈትቼ በገመዱ ፍየሏን አስሬበታለሁ። ከእንግዲህ ማንም በእኔ ፋንታ «እሺ» ብሎ መኪና ላይ እንዲያስጭነኝ አልቀበልም፤ አንተም ብትሆን።

እህትህ ቡምባ
ሉሲቱ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1996