ለገዢ ስለ ተኳለው ቤታችን

ለተከበሩ አቶ ደበሌ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥቅምት 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ቤትን ከመሸጥ በፊት በባለሙያ አሳምሮ ማዘጋጀት ስላለው ጥቅም ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይም የዓይን ጤና። ቤታችን ከቢሮዎ መስኮት ሁለት መቶ እርምጃ የማይሞላ ሲሆን፣ እኔና ታናሽ እህቴ እንደምንኖርበት እስከ ዛሬ ማየት አልቻሉምና።

ይህ ደብዳቤ ለሁሉም ክፍት ስለ ሆነ፣ ለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። አባቴ ዘካሪያስ ከኦቾሎ ወርዶ ሴቻ ላይ ቤት የሠራ ሸማኔ ነበር። እናታችን ካረፈች አምስት ዓመት፣ እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ቤቱም ለእኔና ለአሥራ አራት ዓመቷ እህቴ ለሰናይት ቀረ። ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ ተመርቄ ተመለስሁ። መስከረም ሲያልቅ የአባቴ ወንድም አቶ ባፈና “ቅዳሜ ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ቤቱን አሰናጂ” አሉኝ። ማንን እንደሚያዩ ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው “ሲመጡ ታውቂያለሽ” አሉ። ያላገባች ተመራቂ ወዳለችበት ቤት “ሊያይ” የሚመጣ ሰው ምን ሊያይ እንደሚመጣ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። ስለዚህ ቤቱን እያሰናዳሁ እንቢታዬንም አብሬ አሰናዳሁ።

አጎቴ ለዚሁ ሥራ ጉግሳ የሚባል ሰው ከአዋሳ አስመጡልኝ። “የእንግዳ አቀባበል አዋቂ ነው” ስላሉኝ ድግስ አሰናጂ መሰለኝ። ደላላ መሆኑን፣ ቤትን ለገዢ ዓይን ማሳመርም እንጀራው መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ከእሱ የቀሰምሁትን ትምህርት በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1. ስንጥቅ። የሳሎናችን ግድግዳ ከመስኮቱ ሥር እስከ ወለሉ ተሰንጥቋል። ጉግሳ ኖራ ካስቀባኝ በኋላ፣ “ኢየሱስ የዚህ ቤት ጌታ ነው” የሚለውን የእናቴን ጥልፍ ከበሩ በላይ አውርዶ ስንጥቁ ላይ ሰቀለው። ቤቱ የማን እንደ ሆነ በግልጽ የሚናገረው ብቸኛው ጽሑፍ ለስንጥቅ መሸፈኛነት እንደሚያገለግል በዚህ ተማርሁ።

2. ሙዝ። ከኩልፎ ወንዝ ዳር የመጣ ሙዝና ማንጎ በትልቅ ሰሃን ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ሰናይት አንዱን ሙዝ አንስታ መላጥ ስትጀምር አጎታችን “ለዓይን ነው እንጂ ለአፍ አይደለም!” ብለው ጮኹባት። ጉግሳም ልጣጩን መልሶ በክር አሰረው። ክቡርነትዎ በኋላ በጻፉት ማስረጃ ላይ እሷም “ወራሽ” ተብላ ስለ ተጠቀሰች፣ ከውርሷ ያን ሙዝ እንኳ እንዳላቀመሷት ልብ ይበሉልኝ።

3. ወንበር። ስድስት ባለ ቀይ ስፖንጅ ወንበሮች በጋሪ መጡ። ከየት እንደ መጡ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

4. ጉድጓድ። በዚህኛው ላይ ማሳጠር አልችልም፤ ይታገሡኝ። በኋለኛው ክፍል አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሩን ሰዶ የሸመነበት ጉድጓድ ነበር። ጉግሳ “ጉድጓድ ያለበት ክፍል መኝታ ቤት አይባልም፤ ድፈኚው” አለኝ። እንግዳ እንዳይወድቅበት ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። የሽመና ዕቃውን ፈትቼ ከቤቱ ጀርባ አስደገፍሁት። አሥራ አንድ ቅርጫት አፈር ተሸክሜ ደፈንሁት፤ በእግሬ ረግጬ ደለደልሁት፤ ላስቲክ ምንጣፍም አነጠፍሁበት። አባቴ ሲቀበር እንኳ አፈሩን የመለሱት ሌሎች ነበሩ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዎች መጡ። ታላቃቸው አቶ ላቀው የሚባሉ የምዕራብ ዓባያ ነጋዴ ናቸው። ቆመው ግድግዳውን በጣታቸው እየቆረቆሩ “ለመሆኑ ዕድሜዋ ስንት ነው?” አሉ። አጎቴ አፋቸውን ሳይከፍቱ “ሃያ ሦስት” አልሁ። “ቆይታለች፤ ግን ደህና ይዛለች” አሉ። ጉግሳ “አያያዝ አልጎደለባትም፣ ጋሼ” ሲል ከዚህ በላይ መታገሥ አቃተኝ። ብድግ ብዬ፣ ማንንም የማግባት ሐሳብ እንደ ሌለኝ፣ እንደ ከብት ዕድሜዬ እንዲጠየቅም እንደማልፈቅድ ያጠናሁትን ሁሉ ተናገርሁ። አቶ ላቀው ግራ ተጋብተው ወደ ጉግሳ ዞሩና “ልጅቷም አብራ ናት እንዴ?” አሉ።

ለገበያ የቀረበው ቤቱ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅቷም ቤቱም እንደማይሸጡ በሁሉም ፊት ተናግሬ፣ እንግዶቹን እስከ በር ሸኘሁ። በሩን ስዘጋ ሰናይት ክሩን ፈትታ ሙዙን ትበላ ነበር።

ክቡርነትዎ ግን ጥቅምት 6 ቀን “ወራሾቹ ቤቱን በገዛ እጃቸው አሳምረው ለገዢ በማሳየት ፈቃዳቸውን ገልጸዋል” ብለው ፈረሙ፤ ማኅተምም መቱበት። ኖራ መቀባት ፊርማ፣ ወለል መጥረግም የሽያጭ ውል መሆኑን አራት ዓመት ስማር ማንም አልነገረኝም። በዚህ ሕግ ቤቷን የጠረገች ሴት ሁሉ ሻጭ ስለ ሆነች፣ የቀበሌያችን ሴቶች ዛሬውኑ መጥረጊያቸውን እንዲጥሉ በማስታወቂያ ቢያሳውቁልን ትልቅ ውለታ ነው። በእርስዎ ወረቀት መሠረት የቤቱ ስም ዝውውር ወደ አቶ ላቀው የፊታችን ሐሙስ ይፈጸማል፤ እኔና እህቴም ዕቃችንን ይዘን ወዴት እንደምንሄድ ወረቀቱ አይናገርም።

ስለዚህ ትናንት ቤቱን እንደገና አሰናዳሁት። ጥልፉን ወደ በሩ መለስሁ፤ ስንጥቁ ከመንገድ ይታያል። ላስቲኩን አንሥቼ አሥራ አንዱንም ቅርጫት አወጣሁ። ከሥሩ የአባቴ ተረከዝ ያለሰለሰው አፈር እንደ ነበረ አለ። ሽመና አልችልም፤ ነገር ግን ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት እግሬን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ ነው። ሐሙስም የምገኘው እዚያው ነው። ማስረጃዎን እስከዚያ ካነሡት በጽሑፍ፣ ካላነሡት ደግሞ ቤታችን ድረስ መጥተው በቃል ያስረዱኝ።

የራስዎን ደጅ አንድ ቀን ጠርገው ቢገኙ ማንም እንደ ሻጭ እንዳይቆጥርዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ለማኅተምዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ምንም ያልሸጠችው ወራሽ
ዕድላዊት ዘካሪያስ

ግልባጭ፦
ለአቶ ባፈና፣ የሥጋ ዘመዴ ለሆኑት
ለአቶ ላቀው፤ ልጅቷም ጉድጓዱም አብረው መሆናቸውን እንዲያውቁት
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ (ሙጫው የራሴ ነው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀዮቹን ወንበሮች ብገለብጣቸው ከሥራቸው የቀበሌያችን አዳራሽ ስምና ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፎ አገኘሁ። ጋሪ ነጂውም መስከረም 29 ቀን በማን ትእዛዝ እንደ ጫናቸው ነግሮኛል። መስማማታችንን ጥቅምት 6 ቀን የመሰከሩት ክቡርነትዎ፣ ወንበሩን ከዚያ አንድ ሳምንት በፊት መላክዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። አምስቱን ከምስጋና ጋር መልሻለሁ። ስድስተኛውን ከአቤቱታዬ ጋር ፍርድ ቤት አስገብቼዋለሁ፤ ሲጠሩ መቀመጫ እንዳያጡ ብዬ ነው።