ዓይናቸውን ገልጠው ስለሚጸልዩ አሥራ አንድ ልጆች

ለተከበሩ የኮሌጃችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤንነት፣ ሲያስቸግርዎ ለከረመው ወገብዎም ፈውስ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከጽሕፈት ቤትዎ «ጉዳዩ በጸሎት ተይዟል» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስላገኙ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። በጸሎት መያዙ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ኮሚቴዎ በጉዳዬ ላይ የሚወስነው የፊታችን ሐሙስ ስለሆነ፣ ሰማይ እስኪመልስ ምድርም ትንሽ ብታውቀው አይከፋም ብዬ ነው።

ፋይሌን ቢያነቡት እንደሚያውቁት፣ አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩ፣ አሁን ደግሞ «ልዩ ፍላጎት ትምህርት በክርስቲያናዊ ዕይታ» በተባለው የማስተርስ መርሐ ግብርዎ የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኝ ነኝ። የተግባር ልምምዴን የማደርገው በራሴ ክፍል፣ መስማት ከተሳናቸው አሥራ አንድ ልጆች ጋር ነው። በትምህርት ቤታችን በእጁ መናገር የሚችል ከእኔ ሌላ የለም፤ ጥበቃው «ግባ» እና «ውጣ» ይችላል፣ እሱንም አንዳንዴ ያቀያይረዋል። ኮሚቴው ልምምዱን ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ አንድ ዓመት እንድደግም ከወሰነ ክፍሉ ይዘጋል። ልጆቹም ከሚሰሙት ልጆች ኋላ ተቀምጠው ዓመቱን ሙሉ የመምህር ጀርባ ሲያዩ ይከርማሉ። ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች የማቀርበው ይህ እንዳይሆን ነው።

አንደኛ፣ ለሰጡኝ ሥልጠና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት ኮርስ ወስጃለሁ፤ ሦስቱ ስለ ርኅራኄ፣ ሁለቱ ስለ ትዕግሥት ነበሩ፣ የትዕግሥቱ መምህር እየዘገዩ በመምጣት ትምህርቱን በተግባር ጭምር አስጨብጠውናል። ስለ ምልክት ቋንቋ ግን አንድም ኮርስ አልነበረም። እኔ የተማርኩት ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ከሚሠራ መስማት የተሳነው ጫማ ሰፊ ነው። አፉን ምስማር ሞልቶትም እንደ ልቡ ያወራል፤ መዶሻውን ሲያነሣ ብቻ ወሬው ይቋረጣል። ሰርተፊኬት ስለማይሰጥ ስሙ በማስረጃዎቼ ውስጥ ሳይካተት ቀርቷል።

ሁለተኛ፣ እኔን ለመገምገም የተላኩትን የተከበሩ መምህር ይመለከታል። እንግዳችን ከረባታቸውን አሳምረው መጥተው በልጆች ወንበር ላይ ያለ ቅሬታ ተቀመጡ፤ ለዚህ አክብሮቴ የላቀ ነው። ልጆቹ እንደ ልማዳችን ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። እኔ በእጄ እጸልያለሁ፣ እነሱም በእጃቸው ይከተሉኛል። ጸሎቱ ሲጀመር እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በእኛ ክፍል ሰው እያናገረህ ዓይን መጨፈን ማለት ጆሮ ውስጥ ጣት መክተት ነው፤ ልጆቹ ሲጣሉ የሚሰዳደቡት በዚሁ ነው። ስለዚህ ጉንጯ ስለሚሰረጉድ ስርጉድ የምንላት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ይህን የሚያህል ትልቅ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱ አስደንግጧት፣ እንዲያዩ ብላ በትሕትና ጉልበታቸውን ነካ አደረገች። እሳቸውም ብድግ ሲሉ የልጆቹም የእኔም የተገለጠ ዓይን ጠበቃቸው። በመገምገሚያ ቅጹ ተራ ቁጥር ሰባት፣ «የጸሎት ሥርዓት» በሚለው፣ ከአሥር ዜሮ አገኘሁ። አስተያየቱም «ሠልጣኟ ራሷ እንኳ ዓይኗን አልጨፈነችም» ይላል። እውነታቸውን ነው። ጨፍኜ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ሦስተኛ፣ «ስሕተቱ ይታረም» የሚለው ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ፣ ታዛዥ ነኝና፣ በማግሥቱ አረምኩት። ልጆቹ በጸሎት ጊዜ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገርኳቸው፤ ጨፈኑ። እጅግ ያማረ ጸሎት ጸለይኩ፤ ማንም አላየውም። ከዚያ አሜን ላይ ደረስኩ። ክቡርነትዎ፣ ዓይናቸውን ለጨፈኑ አሥራ አንድ መስማት ለተሳናቸው ልጆች አሜን እንዴት እንደሚባል ያስተማሩን በየትኛው ኮርስ ነበር? ወለሉን በእግሬ ደበደብኩ፤ ሲሚንቶ ስለሆነ ከእኔ ጉልበት በቀር የተሰማው የለም። እየዞርኩ ትከሻ ትከሻቸውን መንካት ጀመርኩ። ስድስተኛዋ ጋ ስደርስ የመጀመሪያው፣ ጓደኞቹ አሁንም እንደ ጨፈኑ አይቶ፣ ሥርዓት አፍርሼ ይሆናል ብሎ መልሶ ጨፈነ። ሁለቱን ግድግዳ እንደ ተደገፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በቁመቱ መሰላል የምንለው ደግሞ ነገሩ ድብብቆሽ መስሎት ጠረጴዛ ሥር ገባ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜያችን ሙሉ በሙሉ ወደ አሜንነት ተለውጦ አለፈ፤ በኮሌጁ ታሪክ ከዚህ የረዘመ ጸሎት ተመዝግቦ ከሆነ ለመሸነፍ ዝግጁ ነኝ።

አራተኛ፣ ዓይን መጨፈን ግዴታ መሆኑን የሚያዝ ምዕራፍና ቁጥር ካለ ይጠቆመኝ።

አምስተኛውን ያለ ቀልድ ልጻፈው፤ ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁም። የስርጉድ እናት ልብስ አጣቢ ናት። ልጅቷ ክፍላችን ከመግባቷ በፊት እንዴት ትጸልይ እንደ ነበር አጫውታኛለች፦ ሰው ሲያደርግ እንዳየችው ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ በቃ። ውስጡ ምንም አልነበረም። በእጇ መናገር ከተማረች በኋላ አንድ ቀን ምግብ ሊቀርብ ሲል ተነሥታ፣ ዓይኗን በልጥጣ፣ ለእናቷ ባስተማረቻት ምልክት የታናሽ ወንድሟ ሳል እንዲለቀው ለመነች። «እኔ ልጄ እግዜርን ምን እንደምትለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው፣ እትዬ» አለችኝ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። እንግዲህ ገምጋሚዎ ከአሥር ዜሮ የሰጡት ይህን ነው።

«ልጆቹ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ለማሠልጠን ቃል እገባለሁ» የሚለውን፣ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከልኝን ቅጽ፣ ብፈርም ድግሪውም ክፍሉም እንደሚተርፉልኝ የነገሩኝን፣ ሳልፈርም ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ስለ ወረቀቱ ጥራት አመሰግናለሁ።

ለርኅራኄዎ በሦስት ኮርስ ያህል ባለዕዳ የሆንኩ፣ በትዕግሥት ሁለቱንም በከፍተኛ ውጤት ያለፍኩና አሁን ትዕግሥቴን የጨረስኩ፣

ታዛዥ ሠልጣኝዎ፣
የአሥራ አንዱ ልጆች መምህርት

ማስታወሻ፦ ልምምዱን ለመድገም የሚሞላው ቅጽ «ሠልጣኟ በሌለችበት ዓመት ልጆቹን የሚያስተምረው ማን ነው?» የሚል ቦታ አለው። ባዶውን ትቼዋለሁ፤ የሚያውቁት ሰው ካለ ይሙሉበት። ከሌለ ግን ክፍሉ መዘጋቱን እርስዎ ራስዎ መጥተው ለልጆቹ እንዲነግሩልኝ እለምናለሁ። እኔ በእጄ አስተረጉማለሁ፣ ስለ ቋንቋው አያስቡ። ሲነግሯቸው ብቻ ዓይን ዓይናቸውን ማየት ይኖርብዎታል።